ከገዢ በፊት ተመልካች

በአዲስ አበባ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት የመጀመሪያው ምሽት ይደምቃል። ሠዓልያን፣ የሠዓልያን ወዳጆች፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች፣ ከኤምባሲ የመጡ እንግዶች፣ ጥቂት ሰብሳቢዎችና ጋዜጠኞች ይገናኛሉ፤ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በማግስቱ ዜናው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ግን አዳራሹ አብዛኛውን ሰዓት ጭር ብሎ ይውላል። በደጁ የሚያልፈው ሕዝብ ውስጥ ምን እንደ ተሰቀለ ሳያውቅ ሥራዎቹ ይወርዳሉ። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሕዝቡ ለሥዕል ደንታ የለውም የሚል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ገዢ ጠፋ የሚል። ሁለቱም ጥፋቱን ከአዳራሹ ውጭ ላለ ሰው ይሰጣሉ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ዓመታዊ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ የሠዓልያን ማኅበር ቀዳሚ ሥራው ተመልካች ማፍራት ነው፤ ገዢ የሚወጣው ከተመልካች መካከል ነውና። ማኅበሩ ይህን ቅደም ተከተል ሲያዛባው ሁለቱንም ያጣል።

ይህን ሸክም ለምን ማኅበሩ ይሸከም የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ሌሎቹ ሁሉ የራሳቸው ሥራ ስላላቸው ነው። ጋለሪ ነጋዴ ነው፤ ጥቂት ሠዓልያንን መርጦ ለጥቂት ገዢዎች ያቀርባል፣ በዚህም የሚወቀስበት ነገር የለም። አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሠዓሊ ያስተምራል፤ ተመልካች ማስተማር በሥርዓተ ትምህርቱ የለበትም። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን የባህል ተቋም ለዐሥርት ዓመታት ግድግዳቸውን ለኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ሲፈቅዱ ኖረዋል፤ ሆኖም በጀታቸውም ዕቅዳቸውም በአብዛኛው የሚወሰነው በሌላ አገር ነው። ማኅበር ግን አባላቱ ገና የተመረቁም፣ ዐርባ ዓመት የቀቡም፣ ረቂቅ ሥዕል የሚሠሩም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የሚከተሉም ናቸው። ማንም ሰብሳቢ ሊገዛቸው የማይፈልጋቸውን ሥራዎች ከሁሉም ሰው ከሚፈለጉት ጎን የመስቀል መብትና ግዴታ ያለው እሱ ብቻ ነው። የአንድ ከተማ የሥዕል ሕይወት በዚያ ዓመት ምን ይመስል እንደ ነበር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳይ ሌላ አካል የለም።

ችግሩ የሥራ እጥረት እንዳልሆነ ማንም አይጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን ከፍታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች አሳይታለች፤ በዚያው ጊዜ የኤልያስ ስሜ ሥራዎችም በዚያው ከተማ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ቀደም ሲልም ቢሆን እስክንድር ቦጎሲያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ እዚያው ከተማ ሞቷል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ሲያርፍ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ ላይ የተከፈተው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥራ በዚህችው ከተማ መካከል ይገኛል፤ ግን የሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከጥበቃ በር ወዲያ ነው። የአገሪቱ ሥዕል ሩቅ አገር ሄዶ ዓይን ያገኛል፤ የጎደለው እዚህ ያለው ዓይን ነው።

ዓይኑ ከጥንት ያልነበረ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በባህላችን ማሳበብ ይቻል ነበር። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን የመጻሕፍቱን ታሪክ የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች የተሣሉት ለሰብሳቢ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ለሚሳለመው ሁሉ ነበር። የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው፤ በደመና ላይ በነጭ ፈረስ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን የተሰለፈው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ በሌላው ወገን ያለው የጣሊያን ጦር ለማንም ሰው ያለ አስጎብኚ የሚነበቡ ናቸው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች ተከፋፍሎ በሸራና በብራና ሲሣል የኖረውም ቆሞ የሚያነብ ተመልካች ስለ ነበረ ነው። ዘመናዊው ሥዕል ከዚህ ተመልካች ጋር የተለያየው ተመልካቹ ሥዕል ስለ ጠላ አይደለም። ሥዕሉ ቦታውንና ጊዜውን ስለ ቀየረ፣ አዲሱን ቦታና ጊዜ ደግሞ ማንም ስላልነገረው ነው።

ከሁለቱ ይበልጥ ችላ የተባለው ጊዜው ነው። በዚህ አገር ሕዝባዊ ነገር ሁሉ የሚቆመው በታወቀ ቀን ነው። ንግሥ ቀን አለው፣ የጽዋ ማኅበር ቀን አለው፣ ገበያ ቀን አለው። ማንም ሰው የጥምቀትን ቀን ለማወቅ ጥሪ ወረቀት አይጠብቅም። የሥዕል ዐውደ ርእያችን ግን ስፖንሰር ሲገኝ፣ አዳራሽ ሲለቀቅ፣ የአንድ ባለሥልጣን የሥራ ሰዓት ሲመቻች የሚከፈት ነው፤ አንዱን ዓመት በጥቅምት፣ ሌላውን በግንቦት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጭራሽ የለም። ቀኑ የማይታወቅ ነገር ልማድ አይሆንም። አዲስ ልማድ መፍጠር እንደሚቻል ደግሞ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሯጮች ሲጀመር የአዲስ አበባ ሕዝብ ለመዝናናት ብሎ በአደባባይ የመሮጥ ልማድ አልነበረውም። በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፣ ስለ ተደገመ ዛሬ ተሳታፊው በ10 ሺዎች የሚቆጠር ሆኗል፤ ቲሸርቱም የወቅቱ ምልክት ሆኗል። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛሮችም እንዲሁ ናቸው። ሕዝቡ በር ላይ ከፍሎ የሚገባው እዚያ ውስጥ የሚሸጠው ዕቃ ከሰፈሩ ሱቅ ስለሚለይ ብቻ አይደለም፤ በበዓል ሰሞን ቤተሰብ ይዞ ወደዚያ መሄድ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ ጭምር ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፦ ቀን መቁረጥ። ለምሳሌ ከገና ማግስት እስከ ጥምቀት ዋዜማ ያሉት ቀናት ለዚህ ይስማማሉ። ክረምቱ አልፏል፣ ሰው የበዓል መንፈስ ላይ ነው፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለበዓል የሚመጡ ኢትዮጵያውያንም በከተማው አሉ። ሌላ ወቅት የተሻለ መስሎ ከታየም ይሁን፤ ዋናው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አለመነቃነቁ ነው። የሚሰቀለው ሥራ ባነሰበት ዓመትም፣ ስፖንሰር ባልተገኘበት ዓመትም ያ ቀን መከበር አለበት። በለንደን ሮያል አካዳሚ የተባለው የሠዓልያን ተቋም የበጋ ዐውደ ርእዩን እ.ኤ.አ. በ1769 ከጀመረ ወዲህ አንድም ዓመት አላቋረጠም፤ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም አላስቋረጡትም። ማንም ሰው፣ የታወቀ ይሁን ያልታወቀ፣ ሥራውን ለውድድር ማስገባት ይችላል፤ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሥራዎች ይሰቀላሉ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ደግሞ ተማሪዎች ሳይከፍሉ የሚማሩበትን የአካዳሚውን ትምህርት ቤት ይደግፋል። ይህን ሁሉ ያቆየው የእንግሊዞች ሀብት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሀብታም ሆነው የተበተኑ ማኅበራት ብዙ ናቸውና። ቀን መጠበቁ ራሱ ሀብት ሆኖላቸዋል።

ይኸው ተቋም ሌላም ትምህርት ይሰጠናል፣ ይኼኛው ግን የሚያስመሰግነው አይደለም። በመጀመሪያው ዐውደ ርእይ ካታሎግ ላይ አካዳሚው መግቢያ ያስከፈለበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ በሩን በነጻ ቢከፍት ደስ ይለው እንደ ነበር፣ ይሁንና አዳራሹ በማይፈለጉ ሰዎች እንዳይሞላ ከክፍያ ሌላ መላ እንዳላገኘ ጽፏል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ቢያንስ ግልጽ ነበሩ። እኛ እንዲህ ብለን አንጽፍም፤ ነገር ግን ቦታ ስንመርጥ ያንኑ እናደርጋለን። በሸራተን አዲስ «አርት ኦፍ ኢትዮጵያ» በሚል ስም ሲዘጋጅ የቆየው ዐውደ ርእይ በአንድ ጊዜ የብዙ ሠዓልያንን ሥራ ለገዢ በማቅረብ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ከሱ ባገኘው ገቢ ስቱዲዮ የተከራየ፣ ቀለም የገዛ ሠዓሊ አለ። ነገር ግን የባለ ኮከብ ሆቴል በር የራሱ ቋንቋ አለው። መግቢያው ነጻ ቢሆን እንኳ ፍተሻው፣ የመኪና መንገዱ፣ የጠባቂው አስተያየት ከመርካቶ ሥራውን ጨርሶ ለሚመጣ ሰው ይህ ያንተ ቦታ አይደለም ይለዋል። ሆቴሉ ገበያ ይሁን፤ ገበያ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ግን ዓመታዊ ዐውደ ርእዩን በገበያው ቦታ ካደረገ ራሱን ከጋለሪ ምን እንደሚለየው መናገር ይቸግረዋል።

ቦታ የለም የሚለው መልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስኬድ ነበር። አሁን አያስኬድም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በየቀኑ በወጣት አንባቢ ይሞላል፤ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የሆነው የዐድዋ ድል መታሰቢያ የሚገኘው ፒያሳ እምብርት ላይ ነው፤ በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከላት አሉ፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የጋራ አዳራሽ አላቸው። ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ደግሞ አዳራሽን ጨርሶ አልጠበቁም። በዳካር ቢየናሌ ወቅት ከዋናው ዐውደ ርእይ ጎን ለጎን «ኦፍ» የሚባለው ክፍል በሱቆች፣ በምግብ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች ይበተናል፤ ከተማው ራሱ ጋለሪ ይሆናል። በአክራ ጄምስ ታውን በተባለው የአሮጌ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚካሄደው ቻሌ ዎቴ የጎዳና ጥበብ ፌስቲቫል በሰፈሩ ግድግዳና መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። እነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ የበለጠ ሀብታም ስለ ሆኑ አይደለም ይህን ያደረጉት። ሰው ያለበትን ቦታ ለይተው ሥራውን ወደዚያ ስለ ወሰዱ ነው።

እዚህ ላይ ከሠዓልያን ራሳቸው የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በሩን ለሁሉ ከከፈትን፣ አባል የሆነ ሁሉ ከሰቀለ፣ ደረጃው ይወርዳል፤ ደካማ ሥራ ያየ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ታሪክ ግን ለዳኞችም ሙሉ እምነት እንዳንጥል ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1863 የፓሪስ ሳሎን የተባለው ዐውደ ርእይ ዳኞች ከቀረበላቸው ሥራ ከግማሽ በላይ ሲጥሉ ጩኸቱ ስለ በዛ ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን 3ኛ የተጣሉት ለብቻቸው እንዲታዩ ፈቀደ፤ ዛሬ ከዚያ ዓመት የሚታወሰው ከተጣሉት መካከል የነበረው የማኔ ሥዕል ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1916 ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመው የነጻ ሠዓልያን ማኅበር በ1917 ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ዳኛም ሽልማትም የለም ብሎ ከ2,000 የሚበልጡ ሥራዎችን በስም ፊደል ተራ ሰቀለ፤ ያም ሆኖ ማርሴል ዱሻም በተውሶ ስም የላከውን የሽንት ቤት ገንዳ ሲያይ የራሱን ሕግ ጥሶ አስቀረው። ያለ ዳኛ የተባለውም ዳኛ አጣ ማለት አይደለም፤ ዳኝነቱ ተደበቀ እንጂ። ስለዚህ ብልኅነቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ነው። አንደኛው ክፍል አባላት በምስጢር ድምፅ በመረጧቸው፣ በየዓመቱም በሚቀያየሩ ዳኞች ይመረጥ፤ ዳኞቹም ለምን እንደ መረጡ በጽሑፍ ይግለጹ። ሁለተኛው ክፍል መዋጮውን ለከፈለ አባል ሁሉ መጠኑ የተወሰነ አንድ ሥራ የመስቀል መብት ይስጥ፤ ቦታውም በዕጣ ይሁን። ተመልካቹ ሁለቱን አይቶ የራሱን ፍርድ ይስጥ፤ ዓይን የሚሰላው እንዲህ በማነጻጸር ነው።

ይሁንና ጥሩ ቀንና ጥሩ ቦታ ብቻቸውን ብዙ አያራምዱም። ከዐውደ ርእይ እስከ ዐውደ ርእይ ያሉት 11 ወራት ባዶ ከሆኑ በ12ኛው ወር የሚመጣው ያው የለመደው ሰው ነው። የማኅበሩ የማኅበረሰብ ሥራ ለበጎ አድራጎት ተብሎ ከጎን የሚለጠፍ ነገር ተደርጎ መታየቱም እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ፤ ያ ሥራ የዐውደ ርእዩ መሠረት ነው። አሁን ደግሞ መንገዱ ተጠርጓል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን ችሎ ይሰጣል። መጽሐፉ ታትሟል፣ ክፍለ ጊዜው ተመድቧል፤ የጎደለው ግን ሥዕልን በእጁ የሠራ አስተማሪና ልጆቹ ከመጽሐፍ ውጭ የሚያዩት እውነተኛ ሥራ ነው። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጦ አባላቱን በወር አንድ ጊዜ ቢልክ፣ መምህራኑን በክረምት ለሁለት ሳምንት ቢያሠለጥን፣ በዓመቱ መጨረሻ የልጆቹ ሥራ በዐውደ ርእዩ አንድ ግድግዳ ቢያገኝ፣ ልጅ ወላጁን ይዞ ይመጣል። ያ ወላጅ በሌላ በምንም ማስታወቂያ አይገኝም።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለ እንዳልሆነ የዞማ ሙዚየም ምስክር ነው። መካኒሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ይህ ቦታ በመስከረም አሰግድና በኤልያስ ስሜ የተሠራ ሲሆን፣ ግንቡ በአገሩ የጭቃ ሥራ ብልኀት የታነጸ ነው፤ ውስጡ የአትክልት ስፍራም የልጆች ትምህርት ቤትም አለው። እዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ሥዕል ለማየት ብሎ አይሄድም፤ አንዳንዱ ለአትክልቱ፣ አንዳንዱ ለልጁ፣ አንዳንዱ አረፍ ለማለት ይሄዳል፤ ሥዕሉን የሚያገኘው በዚያው ነው። ዞማ የግል ጥረት ውጤት ነውና ማኅበር ሁሉ እንደሱ ይሥራ ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር አረጋግጧል፦ ሰው ለሌላ ጉዳይ በመጣበት ቦታ ሥዕል ሲያገኝ ቆሞ ያያል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ማኅበሩ ይህን ልምድ በቤተ መጻሕፍት፣ በጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍልና በወጣት ማዕከል ቢሞክረው ወጪው ትንሽ ነው።

ዋናው ተቃውሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ መልስም የሚገባው እሱ ነው። ሠዓሊው ተመልካች አይበላም፤ ቀለሙና ሸራው አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በዶላር ፊት ከቀነሰ በኋላ ዋጋው የቀድሞው አይደለም። ታዲያ ገዢ ካለበት ሆቴል አውጥተን ገዢ ወደሌለበት ወጣት ማዕከል እንውሰደው ማለት ቅንጦት አይደለምን? እንዲህ የሚለው ሰው የሚረሳው አሁን ያለው የገዢ ክበብ እጅግ ጠባብ መሆኑን ነው። ያ ክበብ ከውጭ አገር ሠራተኞችና ከጥቂት ባለሀብቶች የተሠራ ስለ ሆነ አንድ ኤምባሲ ሰው ሲቀንስ፣ አንድ የጸጥታ ችግር ሲፈጠር ወዲያው ይኮማተራል። ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ግን ለሶፋና ለመጋረጃ የሚያወጣው ገንዘብ አለው፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ግን ከውጭ የመጣ የታተመ ፖስተር ነው፤ ምክንያቱም ሥዕል መግዛት እሱን የሚመለከት ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም። ናይሮቢ ላይ የኬንያ ሙዚየም ወዳጆች ማኅበር ዋጋቸው ከተወሰነ ጣሪያ በማያልፍ ሥራዎች ብቻ የሚካሄድ ዓመታዊ የሥዕል ሽያጭ ያዘጋጃል። የእኛም ማኅበር በዐውደ ርእዩ አንዱን ክፍል ለትንንሽ ሥራዎች፣ ለንድፎችና ለእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ሊያውል ይችላል፤ አንድ ቅርጽ ሃያና ሠላሳ ቅጂ ስለሚወጣው ሠዓሊው ሳይጎዳ ዋጋው ይወርዳል። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የኅትመት ሙያ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ኖሮ ገበያ ያጣው ዋጋ ስለ ተወደደ አይደለም፤ ለዚህ ዓይነት ገዢ የሚቀርብበት መድረክ ስላልነበረ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከላይ ካለው ጋር ይያያዛል። የአንድ ዐውደ ርእይ ትልቁ ወጪ ቦታ፣ ኅትመትና የመክፈቻ ግብዣ ነው። ቦታው ከከተማ አስተዳደር በውል ያለ ኪራይ ሊገኝ ይችላል፤ ግብዣው ደግሞ ሊቀር ይችላል። የአባላት መዋጮ ትንሽ ቢሆንም በጊዜው ከተሰበሰበ ካታሎግ ያሳትማል። ስፖንሰር ይኑር፣ ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ይሁን፤ ሁሉን የሚከፍል አንድ ድርጅት ሲሄድ ዐውደ ርእዩም አብሮት ይሄዳል፣ ሳይሄድ ደግሞ ቀኑንም ቦታውንም እሱ ይወስናል። ከሁሉ በላይ ማኅበሩ የገባውንና የወጣውን በየዓመቱ ለአባላቱ በጽሑፍ ያቅርብ። ብዙ ማኅበራት የሚዳከሙት ገንዘብ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ ያለው የት እንደ ገባ ስለማይታወቅ አባሉ መዋጮውን ስለሚያቋርጥም ነው።

ከመንግሥት ቦታ መቀበል ነጻነት ያሳጣል የሚሉም አሉ፤ ይህን ፍርሃት ያመጣው ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን በአብዮት አደባባይ ይሰቀሉ የነበሩትን የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች የሚያስታውስ ትውልድ ገና በሕይወት አለ፤ ሠዓሊው ምን መሣል እንዳለበት ሲነገረው የነበረበትም ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሆኖም የመንግሥት አዳራሽን መሸሽ ነጻነትን አያረጋግጥም፤ የገዢው ጣዕምም፣ የውጭ ድርጅቱ የፕሮጀክት ርእስም ሠዓሊውን በዝምታ ያዛል። ነጻነት የሚጠበቀው በአሠራር ነው። ቦታው ለተወሰኑ ቀናት በጽሑፍ ውል ይያዝ፤ የሚሰቀለውን የሚመርጠው አባላቱ የመረጡት ዳኛ ብቻ መሆኑ በውሉ ይግባ፤ የተነሣ ሥራ ቢኖር ማን እንዳስነሣውና ለምን እንደ ተነሣ ለሕዝብ ይነገር። ይህን ውል የማይፈርም አስተዳደር ካለ ማኅበሩ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ፤ ቀኑን ግን አይቀይር።

በመጨረሻ የሚቀረው ተቃውሞ በብዙ ሰው ልብ ያለ፣ ግን በግልጽ የማይነገር ነው፦ አገር በጦርነት፣ በመፈናቀልና በኑሮ ውድነት ውስጥ ሳለች ስለ ሥዕል ማውራት ተገቢ ነውን? ሥዕል ዳቦ አይተካም፤ ይህን ማንም አልካደም። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከየትኛውም የእርዳታ በጀት አንድ ብር አይወስድም፤ የሚጠይቀው የሠዓልያኑን ጊዜ፣ ባዶ የሚውል አዳራሽና የታወቀ ቀን ነው። ደግሞስ የተመቸ ጊዜ ሲመጣ እንጀምራለን ያልነው ነገር መቼ ተጀምሮ ያውቃል? አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁም አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ቤት እንኳ አልነበረውም። ያኔ ቅንጦት ነው ተብሎ ቢተው ኖሮ ዛሬ በቬኒስ የሚቆም ሠዓሊ ከየት ይወጣ ነበር? እሱ ሠዓሊውን አፈራ። ተመልካቹን የማፍራቱ ተራ የደረሰው ማኅበሩን ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ ራሱን የሚመዝንበትን ሚዛን ይለውጥ። እስካሁን የዐውደ ርእይ ስኬት የሚነገረው በስንት ሥራ መሸጡና በመክፈቻው ማን እንደ ተገኘ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ከዚህ በፊት ዐውደ ርእይ አይቶ የማያውቅ ስንት ሰው ገባ፣ ከትምህርት ቤቶች ስንት ልጆች መጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል የገዛ ስንት ሰው አለ። ይህን ለማወቅ በር ላይ አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ መዝጋቢ ይበቃል። ቁጥሩ በመጀመሪያው ዓመት የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ ይታተም፤ የሁለተኛው ዓመት የሚለካው በሱ ነውና። በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ ካላደገ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ስሕተት ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ሕዝቡ ለሥዕል ደንታ የለውም የሚሉት ሰዎች በማስረጃ ይናገራሉ። እስከዚያው ድረስ ግን ፈጽሞ ያልተጋበዘን ሕዝብ አልመጣም ብሎ መውቀስ አይገባም።